ወደ ጭራቁ የተላኩ ሽማግሌዎች

መሐል ሜዳ በማስተምርበት ዘመን፣ ሚሌኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ ሦስት ሰዎች ቤቴ ድረስ እየመጡ ያበግኑኝ ነበር። የጠራኋቸው እኔው ነኝ። ቆሎውን የቆላሁት እኔ፣ ወንበሩን ከአከራዬ የተዋስኩት እኔ፣ የምበግነውም እኔ። ዛሬም ሳስበው ጨጓራዬን ይልጠኛል።

ነገሩ ጨዋታ ነው። ከእኔ ጋር ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ ወፍራም ባለ ሥዕል መጽሐፍና አንድ ከረጢት ሙሉ ዳይስ ትቶልኝ ሄደ። ዳይሱ የሉዶው ዓይነት ብቻ አይደለም፤ አራት ገጽ ያለው፣ ስምንት ገጽ ያለው፣ ድብልብል ሆኖ ሃያ ገጽ ያለውም አለበት። ጨዋታው ሰሌዳ የለውም። አንዱ አጫዋች ይሆንና ያወራል። «ከፊታችሁ ጨለማ ዋሻ አለ፣ ከውስጥ የሚተነፍስ ነገር ይሰማል፣ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ የፈጠራ ሰው ይዘው «እኔ ችቦ ለኩሼ እገባለሁ»፣ «እኔ ጦሬን አነሳለሁ» እያሉ ይመልሳሉ። ይሳካላቸው አይሳካላቸው እንደሆነ ዳይሱ ይወስናል። አገሩም፣ ንጉሡም፣ አውሬውም ሁሉ በወሬ ያለ ነው። ፈረንጁ ከመሄዱ በፊት ሁለታችን ብዙ ቅዳሜ ስለተጫወትነው ደንቡን አሳምሬ አውቀው ነበር።

እኔ የናዝሬት ልጅ ነኝ። መንዝን ያወቅኩት የምደባ ዕጣ ሲወጣብኝ ነው። ብርዱን በአከራዬ ባና ተጠቅልዬ ቻልኩት፤ ያን ወፍራም የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ ባይሰጡኝ ኖሮ የመጀመሪያውን ኅዳር አልጨርሰውም ነበር። ያልቻልኩት ጥያቄውን ነው። ያገኘኝ ሁሉ «የማን ልጅ ነሽ?» ይለኛል። የአባቴን ስም እናገራለሁ። «የእሱስ አባት?» እናገራለሁ። «የእሱስ?» ሦስተኛው ላይ ያልቅብኛል፤ ያኔ ቤት የሌለኝ ይመስል በሐዘኔታ ያዩኛል። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ማንም የማን ልጅ እንደሆነ የማይጠየቅበት አገር ብኖር ብዬ ነው እንግዲህ ያንን መጽሐፍ ያወጣሁት።

ከተጫዋቾቹ አንደኛው የአማርኛ መምህራችን ናቸው። ጡረታቸው የቀረበ፣ ቅኔ ቤት አልፈው ወደ ዘመናዊው ትምህርት የመጡ ሰው ስለሆኑ ትልቁም ትንሹም «የኔታ» ይላቸዋል። ሁለተኛዋ የጤና ጣቢያው ነርስ ናት፤ የመርሐቤቴ ልጅ፣ ሳቂታ፤ እንደ ማንኛዋም ነርስ ሲስተር ነው የምንላት። ሦስተኛው የሒሳብ መምህሩ ነው።

ስለ ሒሳብ መምህሩ አሁኑኑ ልናገር፤ ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን አንባቢ ሳያውቀው እንዲሄድ አልፈልግም። ቤተሰቦቹ ቀየት ከምትባለው መንደር ወዲያ ያሉ ገበሬዎች ናቸው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ እሱ ገና የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪ ሳለ፣ ታላቅ ወንድሙ በድንበር ጠብ የጎረቤት ልጅ ገደለ። ወንድምየው ተፈረደበት፣ እስር ቤት ሳለም ታሞ ሞተ። ፍርድ ቤቱ መዝገቡን ዘጋ፤ ደሙ ግን አልደረቀም። እርቅ ሳይወርድ የገዳይ ወገን የሆነ ወንድ ያንን ቀዬ ቢረግጥ ምን እንደሚደርስበት የታወቀ ነው፤ ከዚያ ቤት የቀረው ወንድ ደግሞ እሱ ብቻ ነበር። ስለዚህ በአንድ ቀን የሚደረስበትን ቤቱን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አላየም። እናቱ ድሮ ድሮ በገበያ ቀን እየመጡ ያዩት ነበር፤ በኋላ ጉልበታቸው ከዳቸውና አልጋ ላይ ዋሉ። እናቱን በሕይወት ሳሉ ያገኛቸው እንደሆነ ነበር የሰውየው ጭንቀት ሁሉ። ወደ ተገደለው ልጅ አባት ሽማግሌ ልኮ እርቅ መጠየቅ ይችላል፤ የኔታ ደጋግመው መክረውታል። «እልካለሁ» ይላል። ይፈራል፣ አይልክም።

የመጀመሪያው እሑድ መጽሐፉን ዘርግቼ ሥዕሎቹን አሳየኋቸው። ጆሯቸው የሾለ፣ ሺህ ዓመት የሚኖሩ የጫካ ሰዎች አሉ። ቁመታቸው አጭር፣ ጢማቸው መቀነታቸው ላይ የሚደርስ የተራራ አንጥረኞች አሉ። ክንፍ ያላቸውም አሉ። «ደስ ያላችሁን ሁኑ!» አልኳቸው ፈክቼ።

የኔታ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ባለ ክንፉን አዩት። «ይኸ ክርስትና ተነስቷል?» አሉ።

«የኔታ፣ ጨዋታ እኮ ነው።»

«ጨዋታ መሆኑንማ ሰማሁ፣ ልጄ። ግን 'እኔ እገባለሁ፣ እኔ እወጣለሁ' ማለት አለባችሁ አልሽ። እኔ ባልተጠመቀ ፍጡር አፍ 'እኔ' አልልም። ሰው ጻፊልኝ።»

ሲስተር መጽሐፉን ተቀበለቻቸው። «ይኼ ሰውዬ ቢታመም መርፌውን የት ልወጋው ነው? ክንዱ ላይ ላባ ነው ያለው» ብላ ከት ብላ ሳቀች። «እኔንም ሰው አድርጊኝ።»

ሒሳብ መምህሩ የጫካ ሰዎቹን ገጽ ረዘም አድርጎ አየ። ተስፋ አደረግኩ። «ሺህ ዓመት ይኖራሉ ነው ያልሽው?» አለኝ።

«አዎ! ሺህ ዓመት!»

«ሺህ ዓመት ሙሉ ከአገርህ ወጥተህ ብትቀርስ?» አለና መጽሐፉን መለሰልኝ። «ሰው ይሻለኛል። ቶሎ ያልቅለታል።»

ሦስት ሰው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሰው ማለት ምንም የማይችል ፍጡር ነው። በጨለማ አያይም፣ አይበርም፣ ከድንጋይ ጋር አይነጋገርም። ስንት ጉድ ተደርድሮላቸው ሦስቱም ራሳቸውን መረጡ። ለመንኩ፣ አባበልኩ፣ በመጨረሻም ተቆጣሁ። የኔታ ቆሏቸውን እየቆረጠሙ ተቆጥቼ እስክጨርስ ጠበቁኝና «እንግዲህ ሰው ብለሽ ጻፊ» አሉ።

ደግሞ ሰው ሆነው ቢያርፉ ምን ነበረበት። መጽሐፉ ለገጸ ባሕርዩ ትውልድ ሁለት መስመር ብቻ ነው የተወው። አልበቃቸውም፤ ከጀርባው እየገለበጡ እስከ ሰባት ቤት ጻፉ። በአባትም በእናትም። ከዚያ ወረቀቶቻቸውን ሲያስተያዩ የሲስተር ሴትዮና የሒሳብ መምህሩ ሰውዬ በእናት ወገን አምስተኛው ላይ ተገናኙ፤ በእልልታ ተሳሳሙ። ይህን ሁሉ የፈጠሩት ራሳቸው ናቸው! ያን እሑድ እኔ ዘንዶ አዘጋጅቼ ነበር። ዘንዶው ሳይጠራ መሸ።

በሌላ እሑድ ብዙ ሥቃይ አሳልፈው አንድ ቤተ መንግሥት ገቡ። ጥብስ አቀረብኩላቸው። አንዳቸውም እጃቸውን አልሰደዱም። «ቀኑ ምንድን ነው?» አሉ የኔታ።

«ቀን ምን ያደርግልዎታል?»

«ረቡዕ እንደሆነስ?»

«በዚህ አገር ረቡዕ የሚባል ቀን የለም!»

«ረቡዕ የሌለበት አገር የት አለ?» አሉኝ፣ በእውነት ተገርመው። ሁለት ሰዓት ተከራክረን ለአገሩ የቀን መቁጠሪያ አወጣንለት። ሲቆጠር ዕለቱ ዓርብ ሆኖ ተገኘ። ጥብሱን ለንጉሡ ውሾች ሰጡት፣ ሽሮ ተሠራላቸው።

ከሁሉ የባሰው ዳይሱ ነበር። የኔታ ዳይሱን ገና እንዳዩት «ይኸ ዕጣ ነው» አሉ፤ ዕጣ ሳይጸለይ አይጣልም አሉ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ውርወራ በፊት አቡነ ዘበሰማያት ይደገማል። ከሦስት ተኩላ ጋር የተደረገ አንድ ውጊያ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ፈጀ፤ ከዚያ ውስጥ ውጊያው ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ተኩላዎቹም ጸሎቱ እስኪያልቅ ቆመው መጠበቅ ነበረባቸው። በዚያ ላይ ያ ዘመን መምህር ሁሉ በግምገማ የተያዘበት ዘመን ስለነበር፣ ጨዋታው ሲያልቅ ሲስተር ወንበሯን አስተካክላ «እንግዲህ አጫዋቿ ራሷን ትገምግም» ትላለች። «ድክመቴ ትዕግሥት ማጣት ነው» እላለሁ ጥርሴን ነክሼ። «ተቀብለናል» ይላሉ ሦስቱም።

ለምን አልተውሽውም ብትሉኝ፣ ሌላ የሚጫወት ሰው አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ይወዱት ነበር። ሒሳብ መምህሩ አንድም እሑድ ቀርቶ አያውቅም፤ በርኖሱን ደርቦ ከሁሉም ቀድሞ ይመጣና ዳይሶቹን በመሐረብ ይጠርጋቸዋል።

ከጥምቀት በኋላ በነበረው እሑድ ጭራቆች ወደሚኖሩበት ዋሻ አደረስኳቸው። ከዋሻው ጥግ አንድ ትንሽ ጭራቅ ዘሎ መጣባቸው። ሒሳብ መምህሩ ጦሩን አነሳ፣ ተጸለየ፣ ባለ ሃያ ገጹን ጣለ። ሃያ ወጣ። ከዚያ በላይ ቁጥር የለም። ከወንበሬ ዘልዬ ተነሳሁ። «አንዴ ወጋኸው! ወደቀ! ሞተ!» ከስንት ወር በኋላ እንደ ደንቡ የሆነ ነገር ሆነልኝ ብዬ ደስታዬ ወሰን አጣ። መጽሐፉ ለእንዲህ ያለው ነገር ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡን ልጽፍለት እስክሪብቶ አነሳሁ።

እሱ ዓይኑን ከዳይሱ አልነቀለም። «ትንሽ ነበር አልሽ?» አለ።

«አዎ፣ ትንሽ ጭራቅ።»

«ልጅ ነው?»

«ልጅ ነው እንበል።»

«የማን ልጅ?»

ያ ጥያቄ እዚህም ተከትሎኝ መጣ። ቅጥል አልኩ። «የአባቱ ልጅ ነዋ! ትልቅ አባት አለው፣ ገደሉ ሥር የሚኖር፣ ቀንዳም፣ ሰው የሚበላ! አሁን ደስ አለህ?»

ያንን ባልናገር ኖሮ ጉዳዩ እዚያው ባበቃ ነበር። ሦስቱም ተያዩ። የኔታ ጋቢያቸውን አስተካከሉና «እንግዲያ ደም ገብቷል» አሉ።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጨዋታው ከእጄ ወጣ። ከዋሻው ወዲያ ውድ ሀብት አለ፣ መጽሐፉ ውስጥ ስድስት ገጽ ተጽፎለታል፤ ዞር ብለው አላዩትም። የሲስተር ሴትዮ ትንሹን ጭራቅ አጥባ በራሷ ባና ጠቀለለችው። መቃብር ቆፈሩለት። ከዚያ በኋላ ወደ አባትየው ሽማግሌ ለመላክ ተመካከሩ። የሚላኩት የየኔታ ሰውዬ መስቀል ይዞ፣ ከእሱ ጋር ደግሞ ከሦስት እሑድ በፊት መንገድ ላይ ያገኙት አንድ ሽማግሌ ገበሬ። እኔ ያንን ገበሬ ያመጣሁት መንገድ እንዲያሳያቸው ብቻ ነበር፤ ስሙን እንኳ አላሰብኩለትም።

«ጭራቅ ነው እኮ!» ብዬ ጮኽኩ። «ሽማግሌዎቹን ይበላቸዋል!»

«ሽማግሌ አይበላም» አሉ የኔታ።

እኔም እልህ ውስጥ ገባሁ። የምትፈልጉት ዘንድ ከደረሳችሁ እናያለን አልኩ። በሚቀጥለው እሑድ ድልድዩን ሰበርኩባቸው። በሌላው ጭጋግ አወረድኩ። በሦስተኛው የተኩላ መንጋ፣ በአራተኛው የሞላ ወንዝ፣ በአምስተኛው ወደ ሌላ ሸለቆ የሚያስት መንገድ። እንጨት ቆርጠው ድልድይ ይሠራሉ፣ ጸልየው ተኩላ ያባርራሉ፣ ወንዙ እስኪጎድል ዳር ተቀምጠው ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ተነስተው «ወደ አባትየው» ይላሉ። ጨዋታው የማን እንደሆነ ላሳያቸው ነበር የፈለግኩት።

በእነዚያ እሑዶች ብዙ የማይናገረው ሒሳብ መምህር መናገር ጀመረ። እየጠየቀ ነበር። አባትየው ከሩቅ ያየናል? ጫማ ማውለቅ ያለብን ከየት ጀምሮ ነው? ጦሬን የት ልተው? የልጁ እናት በሕይወት አለች? እሷ በር ላይ ብትሆንስ ቀድሜ ማንን ነው እጅ የምነሳው? እኔ አፌ ላይ የመጣልኝን እመልስለታለሁ። ሰውየው የሚጠይቀኝ ስለ ጭራቁ አልነበረም፤ ጭንቅላት ያለው ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ሲስተር ገብቷታል። አንድ ቀን ከጤና ጣቢያው ስትወጣ አግኝታኝ «አድርሺው እንጂ፣ ምን አለበት?» አለችኝ፣ ሳትስቅ። «መጀመሪያ ወንዙን ይሻገሩ» አልኳት። ጨዋታው ሰልችቷት ልታስጨርሰኝ የፈለገች መስሎኝ።

ሁዳዴ ጾም ሰኞ ሊገባ የቅበላው እሑድ መጣ። ሒሳብ መምህሩ ዳይሶቹን ሁሉ ሰብስቦ ፊቴ አስቀመጠ። «ዛሬ ተኩላ ካመጣሽ ተነስቼ እሄዳለሁ» አለኝ። «አድርሺን።» እንዲህ ብሎኝ አያውቅም ነበር። አደረስኳቸው።

ገደሉን አወረድኳቸው። ትልቁ ጭራቅ ከዋሻው ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል አልኩ። ሽማግሌዎቹ ፊት ፊት ሄዱ። ሒሳብ መምህሩ ከወንበሩ ተነሳ። ነፋስ እንዳይዘጋው በሬን የማስደግፍበት ድንጋይ ነበረኝ፤ እሱን አንስቶ ማጅራቱ ላይ ተሸከመና ሲሚንቶው ላይ ተንበረከከ። የእርቅ ለማኝ እንዲህ ነው የሚቀርበው። እኔ ግን አፈርኩ፤ አከራዬ ብቅ ብለው ቢያዩን ምን ይላሉ ብዬ። ቶሎ እንዲያልቅልኝ በወፍራም ድምፅ «ይቅር ብያለሁ፣ ተነስ» አልኩ። «በቃ፣ ተገላገልን። አሁን ወደ ሀብቱ!»

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ቀልቷል። «አትቀልጂ» አለኝ።

«ምን አደረግኩ? ይቅር አለህ እኮ!»

«በመጀመሪያው ይቅር የሚል አባት የለም። ልጁን ምን ቆጠረው ታዲያ?»

ለምኖ ለምኖ፣ አምስት እሑድ አሳቅቆኝ፣ ይቅር ሲባል ደግሞ ይቆጣል! ራሴን ይዤ ወደ የኔታ ዞርኩ። እሳቸው ረጋ ብለው አስረዱኝ። ሽማግሌ ሲመጣ የሟች አባት በመጀመሪያው እንቢ ይላል። በሁለተኛውም እንቢ ይላል፣ ግን ይለዝባል። እሺ ካለ በሦስተኛው ነው። የመጀመሪያው እንቢታ የሟቹ ክብር ነው፤ ለማኙም ያንን ተሸክሞ ካልተመለሰ እርቁ እርቅ አይሆንም። «እንቢ በይው፣ ልጄ» አሉኝ። «ግን ከልብሽ በይው።»

የወራት ንዴቴ ሁሉ ደረቴ ላይ ነበር። ረቡዑ፣ ሰባት ቤቱ፣ ጸሎቱ፣ ግምገማው። አፌን ከፈትኩ። «ድንጋይህን ይዘህ ተመለስ» አልኩት። «ልጄ የሞተ ዕለት አልመጣህም። የተቀበረ ዕለት አልመጣህም። ዛሬ የመጣኸው ልጄ አሳዝኖህ አይደለም፤ መሸሽ ስለደከመህ ነው።»

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ሲስተር አፏን በእጇ ያዘች። እሱ ድንጋዩን ቀስ ብሎ አወረደ፣ ጉልበቱን አራገፈ። «እስከ ዛሬ የፈራሁት ይኸን ነበር» አለ። «ይኸው ሰማሁት። አልሞትኩም።» በርኖሱን ለብሶ ወጣ።

በዚያው ሳምንት እውነተኛ ሽማግሌ ላከ። የኔታ፣ አንድ ቄስና ሁለት የቀየት ገበሬዎች ሄዱ። የኔታ ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል። «እንቢ አለ» አሉኝ። «በደንብ አድርጎ እንቢ አለ!» የምስራች የሚነግሩኝ ይመስሉ ነበር፤ ሰው እንቢ ተብሎ እንዴት ደስ ይለዋል ብዬ እንደገና በገንኩ። በደብረ ዘይት ሰሞን፣ ጾሙ ሲጋመስ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ሄዱ። አሁንም እንቢ አለ፤ ግን አስቀመጣቸው፣ ውኃም አጠጣቸው። ሦስተኛው ከሦስት ሳምንት በኋላ ሊሆን ቢታሰብም ሰሙነ ሕማማት ላይ ዋለባቸው፤ በዚያ ሳምንት መስቀል ይዞ ማስታረቅ አይቻልም ተባለና ከፋሲካ ወዲያ ተቀጠረ።

የሕማማት ማክሰኞ እናቱ ሞቱ።

የተገደለው ልጅ አባት ለቅሶው ላይ ተገኘ። እዚያው ቆሞ «ልጅየው መጥቶ እናቱን ይቅበር፣ ዛሬ ከማንም ጋር ጠብ የለኝም» ብሎ ሰው ላከ። ያኔ በዚያ አካባቢ ስልክ የለም፤ መልእክተኛው በእግሩ ነው የመጣው። መሐል ሜዳ የደረሰው በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ነበር። ቀብሩ ደግሞ ማክሰኞውኑ ተፈጽሟል። ሒሳብ መምህሩ በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀዬውን ሲረግጥ የደረሰው አዲስ ከተቆለለ አፈር ፊት ነው። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሄዱ፤ አባትየው እሺ አለ፤ ደሙ ደረቀ። ማንም የማይኖርበትን ቤት በነፃነት ይገባና ይወጣ ጀመር።

እኔ ሒሳብ አላስተምርም፤ ያንን ግን ማስላት አልከበደኝም። ከትንሹ ጭራቅ ሞት እስከ ቅበላ መሐል አምስት እሑድ። በመጀመሪያው እሑድ ገደሉን ባወርዳቸው ኖሮ፣ ሦስተኛው ሽምግልና ሕማማት ከመግባቱ ብዙ ቀደም ብሎ ያልቅ ነበር። እናቱ ያኔ በሕይወት ነበሩ። አይልክም ነበር ይሆናል እኮ፣ አሥራ አንድ ዓመት ያልላከ ሰው ነው እያልኩ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ግን አድርሺን ብሎኛል፣ አደረስኩት፣ በሳምንቱ ላከ። ይህን ምን አድርጌ እንደምክደው አላውቅም። ለድልድዩ፣ ለጭጋጉ፣ ለተኩላው፣ ለወንዙ፣ ለዚያ የማይረባ ሸለቆ ራሴን ረገምኩ።

ከሐዘን ተመልሶ ትምህርት ቤት የገባ ዕለት ጠመኔ ከምንወስድበት ክፍል ደጃፍ ጠበቅኩት። «አምስት እሑድ ያጓተትኩህ እኔ ነኝ» አልኩት። «ሆን ብዬ ነው። እልህ ይዞኝ ነው። ይቅር በለኝ።»

«ምን አደረግሽ፣ ጨዋታ አይደል እንዴ» የሚለኝ መስሎኝ ነበር። ጠመኔውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። አየኝ። «እንቢ» አለኝ፣ ድምፁን ሳያነሳ፤ ወደ ክፍሉ ሄደ።

ለየኔታ ስነግራቸው ደስ አላቸው። «እንቢ አለሽ? ጎሽ! ቆጥሮሻል ማለት ነው። ጥቂት ሰንበት አሳልፊና ተመለሽ፣ እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ።»

«የኔታ፣ እኔ የመንዝ ሰው አይደለሁም!» ብዬ ጮኽኩባቸው። በሕይወቴ እሳቸው ላይ የጮኽኩት ያኔ ብቻ ነው። «እኛ አገር ሰው እንቢ ካለ እንቢ ነው! እሺም ካለ እሺ ነው! ሰው ስንት ጊዜ ነው የሚዋረደው?»

እሑድ መሰብሰቡ በዚያው ቀረ። መጽሐፉን ካርቶን ውስጥ ከተትኩት። ሒሳብ መምህሩ ጠዋት ጠዋት ሲያገኘኝ ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ ነው ሰላም የሚለኝ፤ ሰላም ብሎኝም ወዲያው አይሄድም፣ ትንሽ ይቆያል። እኔም ሰላም እለዋለሁ። ነገ እንደገና ይቅርታ እጠይቀዋለሁ እላለሁ። ሰኔ አለቀ። ሐምሌ ላይ ስንት ዓመት ደጅ የጠናሁበት ዝውውር መጣልኝ፤ ናዝሬት።

የምሄድ ዕለት ፍራሼን ተሸክሞ እስከ መናኸሪያ የሸኘኝ እሱ ነው። የደብረ ብርሃኑ አውቶቡስ እስኪሞላ አጠገብ ለአጠገብ ቆምን። አይቸኩልም ነበር። የሚጠብቀው ምን እንደሆነ አሁን ገባኝ ብል ውሸት ነው፤ ያኔም ገብቶኛል። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ፍራሹ ዝናብ እንዳይነካው የት ቢታሰር እንደሚሻል አወራን። ከዚያ አውቶቡሱ ሞላ፣ ወጣሁና ተቀመጥኩ፤ ሁለተኛ አልጠየቅኩትም።